ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለልጅ የእግር ጉዞ ቦርሳ ሲመርጡ

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቷ ነው፤ 25 ኪሎ ትመዝናለች። ከእኛ ጋር ተራራ መውጣት ጀምራለች፤ የራሷን ቦርሳ ካልያዝኩ ትላለች። ታላቅ ወንድሟ የሚይዘው ባለ 30 ሊትር ቦርሳ ቤት ውስጥ አለ። እሱ ይበቃታል ወይስ አዲስ ልግዛላት? ቦርሳ ጀርባ ያጎብጣል ሲባልም ሰምቼ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ የወንድሟን ቦርሳ ይተዉት። የቦርሳ ልክ የሚለካው በዕድሜ ወይም በቁመት ሳይሆን በጀርባ ርዝመት ነው። እኩል ቁመት ካላቸው ሁለት ልጆች አንዷ እግሯ፣ ሌላዋ ወገቧ ሊረዝም ይችላል።

ልኬቱን ቤት ውስጥ መውሰድ ይችላሉ። አንገቷን ወደ ፊት ታቀርቅር፤ ከአንገቷ ግርጌ ጎልቶ የሚወጣ አጥንት ያገኛሉ። መነሻዎ እሱ ነው። ቀጥሎ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አውራ ጣቶቿን ወደ ኋላ መልሳ፣ የዳሌ አጥንቷን አናት ትያዝ። አውራ ጣቶቿን በሐሳብ በመስመር ያገናኙ፤ መድረሻዎ የመስመሩ መሃል ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር የጀርባዋን ጉብታና ስርጉድ ተከትሎ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለውን ይለካል። ያገኙትን ቁጥር ይዘው ቦርሳው ላይ ከተጻፈው የጀርባ ልክ ጋር ያስተያዩ።

ብዙ ወላጆች «ያድግባታል» ብለው ሰፋ ያለውን ይገዛሉ። ጫማ ሲሰፋ ልጅ ቶሎ ትናገራለች፤ ቦርሳ ሲረዝም ግን የሚናገረው ሰውነቷ ነው። የወገብ ቀበቶው ከዳሌ አጥንት በታች ወርዶ መቀመጫዋ ላይ ያርፍና ክብደቱ በሙሉ ወደ ትከሻ ይመለሳል። ቦርሳው ወደ ኋላ ሲስባት እሷ ወደ ፊት ትጎብጣለች፣ አንገቷንም ታሰግጋለች። ማንገቻው ለትከሻዋ ስለሚሰፋ ይንሸራተታል፤ እንዳይንሸራተት ሲጠብቅ ደግሞ ከአንገት በብብት በኩል ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ይጫናል። «እጄ ደነዘዘኝ» ካለችዎ ወዲያው ያውልቁላት። እንድታድግበት ከፈለጉ የጀርባው ርዝመት ከፍና ዝቅ የሚደረገውን ይግዙላት።

ለአንድ ቀን ጉዞ ከ12 እስከ 18 ሊትር የሚይዝ ይበቃታል። ትልቅ ቦርሳ ባዶ አይቀርም፤ አንድ ሰው ይሞላዋል። ባዶውን ከ700 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ማንገቻው ሰፋ ያለና ስፖንጅ ያለው ይሁን፤ የደረት ማሰሪያም ይኑረው።

በእሷ ዕድሜ ሸክሟ ከነቦርሳው ከሰውነቷ ክብደት 10 በመቶ ባያልፍ እመርጣለሁ፤ ይህም 2.5 ኪሎ ማለት ነው። ቦርሳው 600 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ከነኮዳው 600፣ የዝናብ ልብስ 300፣ ሹራብ 350፣ መክሰስ 250፣ ባርኔጣ፣ ፊሽካና ትንሽ ባትሪ 150፤ በድምሩ 2 ኪሎ ከ250 ግራም። ቀሪው ውሃ እርስዎ ጋ ይሁን። ሲደክማት የእሷንም መያዝዎ አይቀርምና የራስዎ ቦርሳ ላይ ማሰሪያ ቦታ ይተዉ። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባዋ ተጠግቶ በትከሻ አጥንቶቿ መካከል ይቀመጥ፤ ውጭ ኪስ የገባ ኮዳ ወደ ኋላ ይጎትታል።

ሲያለብሷት ማሰሪያዎቹን ሁሉ ያላሉ። መጀመሪያ የወገብ ቀበቶው፣ መሃሉ የዳሌ አጥንት አናት ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይቆለፍ። ከዚያ ማንገቻዎቹ ክፍተት ሳይተዉ ትከሻዋን እስኪያቅፉ ይሳቡ። የደረት ማሰሪያው ከአንገቷ ግርጌ በፊት በኩል ወደ ትከሻ ከተዘረጋው አጥንት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፤ በደንብ አየር ስባ መተንፈስ አለባት። የብዙ ትናንሽ ቦርሳዎች ቀበቶ ስፖንጅ የሌለው ቀጭን ጨርቅ ነው፤ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ይይዛል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ለ2 ኪሎ ይህ አይጎዳም።

ሙሉውን ሸክም አሸክመው ደረጃ እያስወጡ 20 ደቂቃ ያስሞክሯት። ከጎን ሲያዩዋት ጆሮዋ ከትከሻዋ ትይዩ ከሆነ ጥሩ ነው። ሲያወልቁላት ትከሻዋን ገልጠው ይዩ፤ የቀላው ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ማንገቻው አልተስማማትም።

ስለ መጉበጥ የሰሙትን በተመለከተ፦ ከባድ ቦርሳ የጡንቻ ሕመም ያመጣል፤ በተሸከመችበት ሰዓትም አቋሟን ያበላሻል። ስኮሊዮሲስ የሚባለውን የአከርካሪ መጣመም ግን ቦርሳ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሁለቱ ማንገቻዎች እኩል ተስበው ሳለ ሁልጊዜ አንደኛው ብቻ ከትከሻዋ የሚወርድ ከሆነ ግን ጀርባዋን ገልጠው ወደ ፊት ያጎንብሷት። አንዱ የጎድን ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ ሐኪም ይያት።

ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት ያለበት ሕመም ወይም ቦርሳ ሳትይዝ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሕመም ቀጠሮ ያስፈልገዋል። ካወለቀች በኋላም እጇ መደንዘዙን ወይም መዛሉን ካላቆመ እንዲሁ። እግሯ ከዛለ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት በዚያኑ ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።