ኳሷን ነክቶ ለምን ቀይ ወጣበት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት አደገኛ አጨዋወትንና ቅጣቱን የሚመለከቱ ናቸው። የክረምት ውድድር ሰሞን ስለሆነ አይገርምም። የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ በሰፈር ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተከላካያችን በሸርተቴ ገብቶ መጀመሪያ ኳሷን ነካ፤ አጥቂው እግር ላይ ያረፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዳኛው ቀይ አወጣበት። አጥቂው ትንሽ ተኝቶ ተነሳና ጨዋታውን ጨረሰ። ኳስ የነካ፣ ሰውም ያልሰበረ ተጫዋች በየትኛው ሕግ ነው በቀይ የሚወጣው? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ስለ ጥፋት በሚናገረው የእግር ኳስ ጨዋታ ሕግ 12 ነው። «ኳሷን ነክቷል» የሚለው ክርክር ከቅጣት አያድንም፤ «አልተጎዳም» የሚለውም እንደዚያው። ዳኛው የሚመዝነው አገባቡን ነው። ጥንቃቄ ጎድሎት የገባ ተጫዋች ቅጣት ምት ያሰጣል እንጂ ካርድ አያይም። በተጋጣሚው ላይ የሚመጣውን አደጋ ከቁብ ሳይቆጥር የገባ ቢጫ ያያል። ከመጠን ያለፈ ኃይል የተጠቀመ ወይም የተጋጣሚውን ደህንነት አደጋ ላይ የጣለ በቀይ ይወጣል። ከፊት፣ ከጎን ወይም ከኋላ መግባቱ፣ በአንድ ወይም በሁለት እግር መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ሜዳ ላይ ይህን ለመለየት ጉልበቱን ማየት ይጠቅማል። ታጥፎ የገባ ጉልበት ግጭት ሲመጣ ይሰበሰባል፤ ተወጥሮ የገባ እግር ግን የባለቤቱን ሙሉ ክብደት ታኬታው ጥርስ ላይ ያሳርፈዋል። ቀጥሎ የታኬታው ጥርስ ወዴት እንደዞረና የት እንዳረፈ ይታያል፤ ሣሩን እየታከከ በመጣ እግርና ከቁርጭምጭሚት በላይ በተነሳ እግር መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ሁለቱም እግሮች ከመሬት ከለቀቁ ደግሞ ተጫዋቹ መቆምም ሆነ አቅጣጫ መቀየር አይችልም፤ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ ዘግይቷል። ኳሷን የሚነካውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ጉዞ መሐል ነው፤ ጉዞው ግን እዚያ አይቆምም።

አጥቂው ያልተሰበረው ምናልባት በዕድል ነው። ክብደት የተሸከመ እግር ታኬታው መሬቱን ነክሶ ስለሚይዝ ሲመታ አይሸሽም፤ ኃይሉን በሙሉ አገዳውና ቁርጭምጭሚቱ ይቀበሉታል። ያው ምት ግማሽ እርምጃ ቆይቶ፣ እግሩ አየር ላይ ሳለ ቢያርፍ፣ እግሩ ተወርውሮ ይሄዳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይሰበርም። የተከላካያችሁ ጥፋት በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። በጉዳት የሚፈርድ ዳኛ የሚፈርደው በዕድል ነው።

ለአሰልጣኞች አንድ ነገር እንጨምር። የደሴ ሜዳ በሐምሌና በነሐሴ ሲረጥብ ሸርተቴ ከለመዱት በላይ ይሄዳል። በጥር ኳሷ አጠገብ የሚቆመው ተጫዋች በነሐሴ ሰውየውን ይዞ ያልፋል። በእርጥብ ሜዳ ከጎንና ከቅርብ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ አንዱን ጉልበት አጥፎ ከሥሩ እያደረገ፣ የሚመታውንም እግር መሬት አስነክቶ እንዲገባ ያለማምዱት። ደረቅና ጠጠር ያለበት ሜዳ ላይ ደግሞ ተጫዋች ለቆዳው ስለሚሳሳ አይንሸራተትም፤ በቁሙ ዘግይቶ ይደርስና ቁርጭምጭሚት ይረግጣል። ብዙ ሰው ይህን «ረገጠው እንጂ አልመታውም» ብሎ ያቃልለዋል። በሩጫ መጥቶ ሙሉ ክብደቱን ቁርጭምጭሚት ላይ ያሳረፈ ተጫዋች ግን ቀይ ሊያይ ይችላል።

ጥያቄ፦ በረኛ ጉልበቱን አንስቶ ሲወጣ ለምን አይቀጣም? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ይቀጣል፤ ለበረኛ የተጻፈ የተለየ ፈቃድ የለም። ሳይቀጣ ሲታለፍ ጥፋቱ የዳኛው ነው። በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የምዕራብ ጀርመኑ በረኛ ሹማኸር የፈረንሳዩን ባቲስቶን ዘልሎ ሲመታው ባቲስቶን ራሱን ሳተ፣ ጥርሶቹም ረገፉ። ዳኛው ካርድ ቀርቶ ፋውል እንኳ አልሰጠም፤ ጨዋታው የቀጠለው በራሱ በሹማኸር የመልስ ምት ነው።

ጥያቄ፦ ዳኝነት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። ለቀይ የሚያበቃ ጥፋት አይቼ፣ ኳሷ ግን ከተበዳዩ ቡድን እግር ሳትወጣ ስትቀር ጨዋታውን ላስቆም ወይስ ልልቀቅ? ሪፖርቴንም የዲሲፕሊን ኮሚቴው «ግልጽ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አስቁም። ከባድ ጥፋት ሲሆን ጨዋታ የሚለቀቀው ግልጽ የግብ ዕድል ካለ ብቻ ነው። ከለቀቅክ ኳሷ ከጨዋታ ስትወጣ ቀዩን ታሳያለህ። አጥፊው ከዚያ በፊት ኳስ ከነካ ወይም ተጋጣሚ ላይ ከገባ ወዲያው አስቁመህ ታስወጣዋለህ፤ ጨዋታውም ቀጥተኛ ባልሆነ ቅጣት ምት ይጀመራል። ለዕድል ብለህ ለቅቀህ ዕድሉ ከባከነ፣ በዚያ መሐል የተበዳዩ ጓደኞች በራሳቸው ሒሳብ ያወራርዳሉ። አንድ ቀይ የነበረው ሦስት ይሆናል።

ፊሽካውን ከነፋህ በኋላ ቅደም ተከተሉን አትሳት። መጀመሪያ ወጌሻውን አስገባ፤ አጥፊውን ከተኛው ሰው ለይና ብቻውን አቁመው፤ ከዚያ ካርዱን አሳይ። ሰው በተከማቸበት መሐል ካርድ ያወጣ ዳኛ ግፊያውን በገዛ እጁ ይጠራዋል።

ሪፖርትህ የተመለሰው «በጭካኔ መታው» ወይም «ሊሰብረው ፈልጎ» ብለህ ጽፈህ ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው የተጫዋቹን ልብ ማየት አይችልም፤ አንተም አታይም። ያየኸውን ብቻ እንዲህ አድርገህ ጻፍ፦

«በ63ኛው ደቂቃ 5 ቁጥር፣ ኳሷ በጨዋታ ላይ ሳለች፣ 4 ሜትር ያህል ሮጦ ከጎን ገባ። ቀኝ እግሩን ወጥሮ የታኬታውን ጥርስ በተጋጣሚው 9 ቁጥር ግራ አገዳ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ አሳረፈ። የተመታው እግር መሬት የረገጠ ነበር። በከባድ ሕገወጥ አጨዋወት በቀይ ካርድ ወጥቷል። 9 ቁጥር ሜዳ ላይ ታክሞ ጨዋታውን ቀጥሏል። ከቦታው 8 ሜትር ርቀት ላይ ነበርኩ፤ እይታዬን የጋረደ ነገር አልነበረም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች ይዘሉታል። ይግባኝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። ለኳስ ሽሚያ ሳይሆን የሆነ ምት፣ ለምሳሌ ኳሷ ሌላ ጋ ሳለች የተሰነዘረ ክርን፣ «ኃይለኛ ድርጊት» ተብሎ ይለያል፤ ሁለቱን አታደባልቅ፤ ቅጣታቸው ይለያያል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ቴስታ ሊመታ ሲል ከሌላ ልጅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ውሃ ቢያፈሱበት ተነስቶ ተጫወተ። ማታ ራሱን አመመው፣ ብርሃንም አስጠላው። ራሱን ስላልሳተ ቀላል ነው አሉኝ። ልመናቸው? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ አይመኑ፤ ሐኪም ይየው። የአንጎል መናወጥ ከደረሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም። ምልክቱ ደግሞ ከሰዓታት ወይም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሊመጣ ይችላል። ልጅዎ ያን ዕለት ወደ ሜዳ መመለስ አልነበረበትም፤ ሕጉም ምክሩም ጥርጣሬ ካለ ይውጣ ነው። አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ምት ቢያገኘው በተለይ በልጆች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ እብጠት ሊያመጣ ይችላል።

ማስመለስ ከደጋገመው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሁለት ሁለት ካየ፣ እጅ እግሩ ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ አንገቱን ካመመው፣ ከተወዛገበ ወይም እንቅልፉ ከብዶት አልነቃ ካለ አይጠብቁ፤ በማንኛውም ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ መተኛት ይችላል፤ «እንዳይተኛ» የሚባለው የቆየ ልማድ ነው። ግን ብቻውን አይደር። ለሕመሙ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይስጡት፤ ደም መፍሰስ ካለ ያባብሳሉ። ወጌሻ ጭንቅላቱንና አንገቱን እንዳያሸው።

በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ስልክና ቴሌቪዥን ይቀነስለት። ቀላል የእግር ጉዞ አይጎዳውም። ትምህርቱን ሳይቸገር መከታተል ሲችል ነው ስለ ኳስ የሚታሰበው፦ ቀላል ሩጫ፣ ከዚያ ንክኪ የሌለው ልምምድ፣ ሐኪም ሲፈቅድ ግፊያ ያለበት ልምምድ፣ በመጨረሻ ጨዋታ። በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ ምልክቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለስ።

ለቡድን መሪዎች፦ የተጋጨን ልጅ «ደህና ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሁሉም «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። የት ሜዳ ነን? ስንተኛው ግማሽ ነው? የመጨረሻውን ግብ ማን አገባ? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወትን? አሸነፍን ወይ? ከእነዚህ አንዱን ከሳተ ይውጣ። ሁሉንም ቢመልስም ካዞረው ወይም ከደነገዘው ያው ነው። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውድድሮች ከመደበኛው ቅያሪ ውጪ ለአንጎል መናወጥ ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቅዱ የጨዋታ ሕጉ በር ከፍቷል። የሰፈር ዋንጫ አዘጋጆች ደንባችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ወጪ የለውም።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት የበረዶ ሆኪ መከታተል ጀምሬያለሁ። ሰው ከግድግዳ ጋር ሲያጋጩ ዝም ይባላል፤ ሲደባደቡም አምስት ደቂቃ ብቻ ይቀመጣሉ። ቅጣት የሚባል ነገር አላቸው? (ከኮምቦልቻ፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ)

መልስ፦ አላቸው፤ በአንዳንድ ነገር ከእኛ የበረታ ነው። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ፓኩን (እንደ ኳስ የሚመቱትን ጠፍጣፋ ክብ) የያዘን ተጫዋች በትከሻና በአካል መግጨት የጨዋታው አካል ነው። የሚከለከለው መንገዱ ነው፦ ራሱን መከላከል የማይችልን ሰው ገፍቶ ከግድግዳው ጋር ማላተም፣ ከሩቅ ተንደርድሮ ወይም ዘልሎ መግጨት፣ ክርን፣ ጭንቅላትን ዒላማ ማድረግ። ቀላሉ ሁለት ደቂቃ፣ ከባዱ አምስት ደቂቃ ቡድኑን በአንድ ሰው ያጎድለዋል፤ የባሰው ከጨዋታ ያስወጣል። ያየኸው ድብድብ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሁለቱም አብረው ስለሚቀመጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቡድን አይጎድልም።

የጭንቅላቱ ሕግ አዲስ ነው። መጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. የፒትስበርጉ ማት ኩክ የቦስተኑን ማርክ ሳቫርድ ከማይታይ አቅጣጫ ጭንቅላቱን መታው። ያኔ የሚከለክል አንቀጽ ስላልነበረ ኩክ አንድ ጨዋታ እንኳ አልታገደም። ጭንቅላት መምታትን የሚከለክለው የሊጉ ሕግ 48 የመጣው በዚያ ሰበብ ነው። በመጀመሪያ ከጎንና ከማይታይ አቅጣጫ የሚመጣውን ብቻ ይመለከት ነበር፤ በ2011 ከየትኛውም አቅጣጫ የሚመጣውን እንዲያካትት ሰፋ። በዚያው ዓመት የተጫዋቾች ደህንነት ክፍል ተቋቋመ።

ክፍሉ ቪዲዮውን አይቶ ተጫዋቹን ይሰማዋል። ከአምስት ጨዋታ በላይ ሊያግደው ካሰበ በአካል የመቅረብ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። የታገደ ተጫዋች በታገደበት ልክ ደሞዙን ያጣል፤ በ18 ወር ውስጥ ዳግም ያጠፋ ደግሞ ለአንድ ጨዋታ የሚቆረጥበት ይበዛል። በ2015 ራፊ ቶሬስ ጭንቅላት በመምታቱ 41 ጨዋታ ታገደ፤ ያኔ አንድ ቡድን በዓመት ከሚያደርጋቸው 82 መደበኛ ጨዋታዎች ግማሹ ማለት ነው። እዚያ ያደረሰው የኋላ ታሪኩ ነው። በ2018 ቶም ዊልሰን 20 ጨዋታ ተፈርዶበት ገለልተኛ የግልግል ዳኛ ወደ 14 አወረደለት፤ ውሳኔው ሲመጣ ግን 16ቱን ጨርሶ ነበር። ይግባኝ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከእነሱ ልንወስድ የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ እገዳው ሲወጣ ምቱን በቪዲዮ እያሳዩ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰና ለምን ያን ያህል እንደቀጡ ያስረዳሉ። የእኛ ኮሚቴዎች «ሦስት ጨዋታ ታግዷል» ብለው ዝም ሲሉ ደጋፊው ምክንያቱን ከሻይ ቤት ወሬ ነው የሚያገኘው። ልንወስድ የማይገባን ደግሞ ተጎጂው መጎዳቱን እንደ ማክበጃ መቁጠራቸውን ነው። ከላይ ለሰኞ ገበያው አንባቢ ባልነው ምክንያት አንስማማበትም።

ጥያቄ፦ ስምንት ቡድን ያለው የሰፈር ውድድር እናዘጋጃለን። ቅጣቱን በገንዘብ ወይስ በጨዋታ እናድርገው? (ከኮምቦልቻ፣ የወጣቶች ኮሚቴ)

መልስ፦ በጨዋታ። ገንዘቡን የሚከፍለው አባት ወይም ስፖንሰር ነው፤ ልጁ ምንም አይሰማውም። መነሻ ካስፈለጋችሁ የፊፋ ዲሲፕሊን ደንብ ዝቅተኛ ቅጣቶች አሉ፦ ለከባድ ሕገወጥ አጨዋወት 2 ጨዋታ፣ ለድብደባ 3፣ ዳኛ ለደበደበ 15። ውድድራችሁ አጭር ስለሆነ ያልተጨረሰ እገዳ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገር፤ አለዚያ በፍጻሜው የሚያጠፋ ሰው ምንም አይቀጣም። ሦስት ሰው ከየትኛውም ቡድን ውጪ ምረጡ፤ ከቀጣዩ ጨዋታ በፊት ይወስኑ፣ ምክንያቱንም በሁለት መስመር ጽፈው ይለጥፉ።

ሕጉ ለታዳጊና ለሰፈር ውድድር ጊዜያዊ መውጫም ይፈቅዳል፤ ቢጫ ያየ ተጫዋች የጨዋታውን ከ10 እስከ 15 በመቶ ውጪ ይቀመጣል። ለ60 ደቂቃ ጨዋታ ከ6 እስከ 9 ደቂቃ ነው። ይህ ለቢጫ ጥፋት ብቻ ነው። ቀይ የሚገባውን አገባብ በዚህ አታለዝቡ፤ አዘጋጆች ይህን የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ አጥፊው ተወዳጅ ተጫዋች ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ የተመታው ተጫዋች ሲታከም ከሜዳ መውጣት የለበትም ወይ? ባለፈው ዳኛው እዚያው እንዲቆይ ፈቀደለት። (ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ)

መልስ፦ ዳኛው ትክክል ሊሆን ይችላል። የመታው ተጫዋች ቢጫ ወይም ቀይ ካየና ሕክምናው ፈጥኖ ካለቀ ተጎጂው አይወጣም፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ነው። ካርድ ካልወጣ ግን ታክሞ መውጣትና በዳኛው ፈቃድ መመለስ አለበት። የሚደማ ከሆነ በማንኛውም ሁኔታ ይወጣል፤ ደሙ መቆሙንና ማልያው ላይ ደም አለመኖሩን ዳኛው ሳያረጋግጥ አይመለስም።