ሰርቨሩ በልጁ ስም ነው፤ የአድማጩ ስልክ ቁጥርስ?

ከሐረር የጻፍሽልኝ የሬዲዮ ሰው፣ ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ለሌላው አንባቢ አሳጥሬ ላቅርበው። ሦስት የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች ናችሁ፤ አንዱ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሁለቱ በእናንተ በኩል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰርቨር በጋራ ተከራያችሁ። ፕሮግራም ትለዋወጡበታላችሁ፣ ስርጭታችሁን በኢንተርኔት ትለቁበታላችሁ፣ አድማጭ በአጭር መልእክት የሚልከውን ጥያቄም ከነስልክ ቁጥሩ እዚያው ታስቀምጣላችሁ። ሁሉንም የዘረጋው አንድ በጎ ፈቃደኛ ልጅ ነው። አካውንቱ በራሱ ኢሜይል፣ ክፍያው ውጭ አገር ባለ የአጎቱ ልጅ ካርድ። አሁን ተኳርፋችኋል፤ ልጁ ፓስዎርዱን ቀይሮ ቁጭ ብሏል። በዚህ መሀል አንድ ድርጅት የአድማጮቻችሁን ስልክ ዝርዝር ስጡኝ ብሏል። "ንብረቱ የማነው? ልንከሰውስ እንችላለን?" ነው ጥያቄሽ። (በድሬ ወግ አንቺ ብዬሻለሁ፤ እንዳይከፋሽ።)

መጀመሪያ ማድረግ የሌለባችሁን ልንገርሽ። "ቴክኒሽያናችን በጓሮ በር መግባት እችላለሁ ይላል" ብለሻል። አቦ፣ ተዉት! የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። "የራሳችን ሰርቨር ነው" ማለታችሁ ገና በክርክር ላይ ያለ ነገር ነው፤ አካውንቱ ደግሞ ዛሬ በልጁ ስም ነው። ከሳሽ ልሁን ብላችሁ ተከሳሽ እንዳትሆኑ።

አሁን ወደ ንብረቱ። እናንተ "ሰርቨሩ" ስትሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ከረጢት ውስጥ ከታችኋል፤ አካውንቱን፣ ፕሮግራሞቹንና የአድማጩን መረጃ። መልሳቸው ለየቅል ነው።

አካውንቱ ቀላሉ ነው። አከራዩ ኩባንያ የሚያውቀው ልጁን ብቻ ነው፤ እናንተ ብትጽፉለት "ማን ናችሁ?" ነው የሚላችሁ። በእናንተና በልጁ መካከል ግን ሌላ ታሪክ አለ። እሱ የሠራው ለእናንተ፣ እናንተ ስላላችሁት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልና የሚባለው ይኸው ነው። ተወካይ በውክልናው ያገኘውን ለወካዩ ማስረከብ፣ ሂሳብም ማቅረብ አለበት። "ግን የተጻፈ ውል የለንም" ብለሻል። ቃለ ጉባኤ አላችሁ፣ "ተከራይልን" ያላችሁበት የቴሌግራም ግሩፕም አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ስላደረገ፣ ግሩፑን እንዳታጠፉ። ማንም ተናዶ "ሌፍት" እንዳይል ንገሪያቸው።

ታዲያ ያው ሕግ ወካዩንም ይይዛል። ተወካዩ ለሥራው ያወጣውን ወጪ ወካዩ ይተካል። ልጁ የስምንት ወር ኪራይ ከኪሱ ከፍሎ "አገኛለሁ" እያለ መቆየቱን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ተራ ነገር ጣል አድርገሽዋል። እኔን ከጠየቅሽኝ የኩርፊያው ሥር እዚያ ነው። ደረሰኙን ጠይቁት፣ ክፈሉት። ሁለታችሁም የምታከብሩት ሰው ካለ ሽማግሌ ይቀመጥ። ፍርድ ቤት ከመሄድ ይረክሳል፤ ጠበቃ ሆኜ ይህን ማለቴ ለገበያዬ ባይመችም።

ፕሮግራሞቹ ትንሽ ይከብዳሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን የሚሰጠው ለሠራው ሰው ነው። ተቀጣሪ በሥራ ውሉ መሠረት የሠራው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ይሆናል። የእናንተ አዘጋጆች ግን አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሥራ ውል የላቸውም። ስለዚህ ያ የሐረሪ ቋንቋ የተረት ፕሮግራም በጽሑፍ እስካልተላለፈላችሁ ድረስ የአዘጋጅዋ ነው። ጣቢያው በስርጭቱ ላይ የራሱ መብት አለው፤ የእሷን ግን አይውጠውም። አንድ ገጽ ወረቀት አስፈርሟት፤ "ሦስቱም ጣቢያዎች ሊያስተላልፉት፣ በኢንተርኔት ሊያኖሩት ይችላሉ" የሚል። ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። ዘፈን በአየር ማጫወትና ፋይሉን ለሌላ ጣቢያ እንዲያወርደው ማስቀመጥ አንድ አይደለም፤ ለአንዱ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይሆንም። ደግሞ ከጋራው ሰርቨር አውርዳችሁ ያስተላለፋችሁት ነገር ችግር ቢያመጣ "የድሬዎቹ ናቸው የላኩልን" ብሎ ነገር የለም። የስርጭት ፈቃዱ የየራሳችሁ ነው፣ ተጠያቂነቱም።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከተማችንን ሲጠርግ የተረፉ ሰዎች ምስክርነትም እዚያ አለ ብለሻል። እሱን ለብቻው አስቀምጡት። ልጇን ያጣች እናት ለአንድ ፕሮግራም ድምፅዋን ሰጠች ማለት፣ ማንም እያወረደ እንዲቀባበለው ፈቀደች ማለት አይደለም። በሕይወት ያሉትን ፈልጋችሁ ጠይቁ። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ይገኛሉ።

ሦስተኛው፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ፣ የስልክ ዝርዝሩ ነው። ለማስረጃ ብለሽ ከኤክሴሉ አንድ ገጽ ፎቶ አንስተሽ ልከሽልኛል። ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ ጥያቄ። ከጀጎል ውስጥ የጻፈች አንዲት ሴት ለጤና ፕሮግራማችሁ የጠየቀችውን ከነሙሉ ስሟ አነበብኩት። ባሏ እንኳ የሚያውቀው አይመስለኝም። እኔ ማን ሆኜ ነው? ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ፤ አንቺም ከላክሽበት አጥፊው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የመጣው ለዚህ ነው። መረጃ በተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይሠራበታል፤ የጤና ጉዳይ ደግሞ ልዩ ጥበቃ ካላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። ሴትየዋ ስልኳን የሰጠችው መልስ ለማግኘት ነው። ለሌላ ድርጅት ለመስጠት የእሷ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሥራ አስኪያጃችሁ ፊርማና ማህተም አይተካውም። ስለዚህ ለድርጅቱ መልሱ "አይሆንም" ነው። ከፈለገ መልእክቱን ይስጣችሁና እናንተ በአየር ንገሩለት፤ ወይም ስምና ስልክ የሌለበት ቁጥር ስጡት፤ ከየትኛው ወረዳ ስንት ሰው ስለ ምን ጠየቀ የሚል። ለሥራው ይህ ይበቃዋል።

ልጁም ቢሆን በዚህ ዝርዝር ላይ ምንም መብት የለውም፤ ይህን በደግ ቃል አስረዱት። ዝርዝሩን ገልብጦ ለሰው ከሰጠ ግን ነገሩ ኩርፊያ መሆኑ ያበቃል፤ እናንተም ባወቃችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ ይመጣባችኋል። ሰርቨሩ ያለው ጀርመን ነው ብለሻል፤ አዋጁ ከአገር ስለሚወጣ የግል መረጃም ቅድመ ሁኔታ አለው። ዝርዝሩን አውርዳችሁ እዚሁ፣ ቁልፍ ያለው ቦታ ብታስቀምጡት ይሻላል። ፕሮግራሞቹ እዚያው ይቆዩ።

ከታረቃችሁ በኋላ ውል ጻፉ። "ትስስራችን" የምትሉት የሕግ ሰውነት የለውም፤ ስለዚህ አካውንቱ ከሦስቱ በአንዱ ጣቢያ ስም ይሁንና የሌሎቹ መብት በውሉ ይስፈር። ፓስዎርዱን ከተለያየ ጣቢያ ሁለት ሰው ይያዝ፣ ኢሜይሉ የጣቢያው እንጂ የሰው አይሁን። አንዱ ጣቢያ ቢወጣ ፋይሉን እንዴት ይዞ እንደሚወጣም ይጻፍ። ሁላችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። የአፎቻችሁ፣ የሐረሪው እድራችሁ፣ ደብተር እንኳ ማን ምን እንዳዋጣ ይመዘገብበት የለ?

እስከዚያው ግን፣ ልጁ በሰላም በሩን በከፈተ ቀን፣ ከምንም በፊት የጎርፉን ቅጂዎች ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ሁለት ቅጂ፤ አንዱ ሐረር፣ አንዱ ድሬ።