«ድንጋጤው ነው ልጄን የነጠቀኝ?»

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ልጄ 5 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት «ማማ»፣ «ውሃ»፣ «ሚው» ትል ነበር። 2 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ቤታችን ፊት ለፊት ባጃጅ ተገለበጠ። ሰው ሲጮህ፣ ደም ሲፈስ በረንዳ ላይ ሆና አየች። በዚያው ሰሞን ቃሎቿ አንድ በአንድ ጠፉ። ስሟን ብጠራት አትዞርም፤ ቆርኪ ስትደረድር ትውላለች። እናቴ «ልጅቷ ደንግጣ ቀርታ ነው» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ እኔን ይወቅሳል፤ ያን ሰዓት በረንዳ ላይ ትቻት ጓዳ ቡና እያፈላሁ ነበርና። አምና አዲስ አበባ ወስደናት ሐኪሙ ኦቲዝም ነው አለን።

ዘንድሮ መስከረም አጸደ ሕፃናት አስገባኋት። መጀመሪያ ደስ ብሏት ትሄድ ነበር። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ግን ሌላ ልጅ ሆነችብኝ። ሌሊት እየጮኸች ትነሳለች። ሽንቷን መቆጣጠር ከጀመረች ዓመት አልፏት ነበር፣ አሁን ልብሷ ላይ ትሸናለች። መታጠቢያ ቤት ላስገባት ስል በሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ትንቀጠቀጣለች። እጇን ትነክሳለች። መምህሯን ብጠይቃት «ኦቲዝም ስላለባት ነው፣ እንዲህ ናቸው» አለችኝ።

እባክዎን ይንገሩኝ፤ ኦቲዝሙን ያመጣው ያ ድንጋጤ ነው? ድንጋጤው ቢታከም ኦቲዝሙ ይለቃታል?

የሳቢያኗ እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ልቤ በረንዳው ላይ ቀረ፤ በሁለተኛው የመታጠቢያ ቤቱ በር ያዘኝ። የሚያስቸኩለው በሩ ነው። ግን የበረንዳው ነገር ካልወረደልሽ በሩን በቅጡ አታይውም ብዬ ከዚያ እጀምራለሁ።

ያ ድንጋጤ ኦቲዝም አላመጣባትም። ቡና ማፍላትሽም አላመጣባትም።

እኔ ቤቴ እዚያው ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ጎርፉ ሲመጣ ልጄ 3 ዓመት ከ2 ወሩ ነበር። ውሃው ከላይ ከደጋው ወርዶ ሰው በተኛበት ደረሰ፤ ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ። እኛ ቤት ውሃው ደረት ሲደርስ አባቱ ልጁን አንስቶ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠው፤ እስኪነጋ እዚያው ነበር። ልጄ እንደ እኩዮቹ አይናገርም፣ ሰው አያይም፣ ብቻውን ይጫወታል። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጎርፉ ነው የነጠቀኝ» እል ነበር። 26 ዓመት የሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ያንን ቃል 7 ዓመት ሙሉ ተሸክሜው ኖሬያለሁ።

በ2005 ዓ.ም. እህቴ የሰርጓን ካሴት ወደ ሲዲ አስገልብጣ ጠራችኝ። ሰርጉ ጥር 1997 ነው፤ ጎርፉ ከመምጣቱ ዓመት ከመንፈቅ በፊት። ልጄ ዓመት ከ8 ወሩ፣ ድንኳኑ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጦ ቆርኪ ያሽከረክራል። አጠገቡ አንድ እኩያው አለ፤ ያኛው ካሜራውን ሲያይ በጣቱ ይጠቁምና «አየሽልኝ?» በሚል ዓይን ወደ እናቱ ይዞራል። የእኔው ቀና አላለም። አክስቱ ጎንበስ ብላ ስሙን ሦስቴ ትጠራዋለች፤ ቆርኪው ይሽከረከራል። ወደ ኋላ እየመለስኩ ደጋግሜ አየሁት። ሁሉም ነገር እዚያ ነበር፣ ጎርፉ ገና ሳይታሰብ።

አንቺም ስልክሽ ውስጥ ባጃጁ ከመገልበጡ በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ካለሽ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ስትጠራ ትዞራለች? የወደደችውን ነገር በጣቷ ትጠቁምላችኋለች? ቃል ኖሯትም ቢሆን ይህ ጎድሎ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ኦቲዝም ከሰው ጋር መግባባትንና ጠባይን የሚለይ፣ አንጎል ገና በማኅፀን ሲሠራ የሚጀምር፣ በዘር የሚወርደው ድርሻ ትልቅ የሆነ አፈጣጠር ነው። ለዓይን የሚገለጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ከ15 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ የነበራቸውን ቃል ይጥላሉ። በዚያ ዕድሜ ደግሞ በእያንዳንዱ ቤት አንድ ነገር አይጠፋም፤ ጡት መጣል አለ፣ ክትባት አለ፣ ታናሽ ይወለዳል፣ ቤት ይቀየራል። እናት የቃሉን መጥፋት ካገኘችው ጋር ታያይዘዋለች። አንቺ ዘንድ ባጃጁ ተገኘ።

እናትን መክሰስ ደግሞ ከእኛ ሰፈር የተጀመረ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. 11 ልጆችን አጥንቶ ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ስለ ወላጆቻቸው ቀዝቃዛነትም ጽፎ ነበር። ከእሱ በኋላ ብሩኖ ቤተልሃይም የልጁ መዘጋት የእናት ፍቅር ማጣት ነው እያለ አሜሪካ ውስጥ ሰፊ ተሰሚነት አገኘ። ስንት እናት ያለጥፋቷ አንገቷን እንደደፋች አስቢው! ይህን አስተሳሰብ በመቃወም በ1964 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የተሟገተው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያም፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር መንትዮችን አጠኑ። ፍጹም ከሚመሳሰሉት፣ በዘር አንድ ከሆኑት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱን አልያዘም። ሁሉም መንታ በአንድ ቤት፣ በአንድ እናት እጅ ያደገ ነው፤ ልዩነቱ የዘር እንጂ የእናት አይደለም። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር አለ። ከሩማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ወጥተው እንግሊዝ አገር በጉዲፈቻ ካደጉት ልጆች አንዳንዶቹ ኦቲዝም የሚመስል ጠባይ አሳይተዋል፤ ለጥቂቶቹም ቤተሰብ ካገኙ በኋላ እየለዘበ ሄዷል። እነዚያ ግን ወራትና ዓመታት የሚያቅፋቸው፣ የሚያወራቸው አጥተው አልጋ ላይ የተተዉ ሕፃናት ናቸው። የአንቺ ልጅ እናት ያላት፣ አያት ያላት ናት። በበረንዳ ላይ የታየ የአንድ ቀን አደጋ እንደዚያ አያደርግም።

አሁን ወደ በሩ።

ኦቲዝም በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ አይገለባበጥም። ደስ ብሏት የምትሄድ ልጅ፣ ሽንቷን የምትቆጣጠር ልጅ፣ ከኅዳር መጨረሻ ወዲህ እንቅልፍ አጥታ አንድ በር ሲታያት ከተንቀጠቀጠች አንድ ነገር ሆናለች። «እንዲህ ናቸው» የሚለውን መልስ አትቀበዪ። ይህ ቃል ነው የኔንም ልጅ ዓመታት ያስበላው።

የኔው ቁምሳጥን አናት ላይ ይወጣ ነበር። ወርዶ እንዲተኛ ስንጎትተው ይነክሳል፣ ራሱን ይመታል። ያየው ባለሙያ ሁሉ «ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከፍታ ይወዳሉ» ይለናል፣ እኛም አመንን። ልጁ 11 ዓመት ሊሆነው ሲል አንዲት ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ «የሚወጣው መቼ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብተር ያዢ አለችኝ። ከሰኔ እስከ መስከረም የወጣበትን ቀንና ሰዓት ጻፍኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲመታ ብቻ ነበር የሚወጣው። በበጋ አንድም ቀን የለም። ልጄ በየክረምቱ ያቺን ሌሊት ይኖራት ነበር፤ አፍ የለውምና በእግሩ ሲነግረኝ እኔ ጠባይ ነው ብዬ እጎትተዋለሁ።

ድንጋጤ ኦቲዝምን አይወልድም፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን በድንጋጤ ይቆስላል፣ ከሌላው ልጅም በላይ። ድምፅ፣ መነካት፣ ድንገተኛ ለውጥ ለእሱ በእጥፍ ይገባል። እኛ ቀላል ያልነው፣ አንድ በር መዘጋት እንኳ፣ ለእሱ ቁስል ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ትራውማ የሚሉት ይህንኑ ልብ ላይ የቀረ ቁስል ነው። መናገር የማይችል ልጅ በእንቅልፉ፣ በሽንቱ፣ በሚሸሸው ቦታ ይነግርሻል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። የሽንት ምርመራ ይደረግላት፤ ሽንቷ የሚያቃጥላት ልጅ መታጠቢያ ቤት ብትፈራ አይገርምም። ጆሮዋንና ጥርሷን ይዩላት፣ ሆዷ ደርቆ እንደሆነ ይጠይቁሽ። ሌሊት ስትጮህ ዓይኗ ፈጦ ሰውነቷ የሚገተር ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋር አብሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሰውነቷንም ሙሉ በሙሉ ይመርምሯት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ነገር ግን የማይናገር ልጅ የሚደርስበትን በደል መናገር ስለማይችል ለአጥቂ ይጋለጣል። የሚያጠራጥር ነገር ከታየ እዚያው በወረቀት ይመዝገብና ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አመልክቱ፤ ሽማግሌ አትላኩ።

ትምህርት ቤቱ ሳትናገሪ ሂጂ፣ ልጆቹ መጸዳጃ በሚሄዱበት ሰዓት። ማን ነው የሚወስዳት? በሩ ከውጭ ይቀረቀራል? ጨለማ ነው? ትልልቅ ልጆች ይገባሉ? እስክታውቂ ድረስ ቤት ብታቆዪያት ምንም አይቀርባትም። ቤት ውስጥ ደግሞ ወደዚያ በር አትጎትቻት። ፖፖ ሌላ ክፍል አስቀምጪላት፤ ገላዋን ግቢ ውስጥ በሳፋ እጠቢያት፣ ድሬ እንደሁ ሙቀት አያጣም። እናትሽ ጠበል እንሂድ ቢሉ አልቃወምም፤ ግን ይዘው ካፈሰሱባት በቁስል ላይ ቁስል ነው፤ በእጇ ነክታ፣ ወዳ ከሆነ ይሁን።

ድንጋጤው ቢታከም ኦቲዝሙ ይለቃታል ወይ ላልሽው፣ አይለቃትም። እኛ ለቆርቆሮው ኮርኒስ አሠራን፣ የዝናቡን ነገር በሥዕል አሳየነው፣ ጥር ላይ አባቱ እጁን ይዞ ደረቁን የደቻቱን አሸዋ አስረገጠው፤ በሚቀጥለውም ጥር እንደዚሁ። ከሦስት ክረምት በኋላ ቁምሳጥን መውጣቱን ተወ። ዛሬ 22 ዓመቱ ነው፤ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፣ ቆርኪውንም ያሽከረክራል፣ ሲዘንብ ግን አልጋው ላይ ይተኛል። ያንቺም ልጅ እንቅልፏንና ንጽሕናዋን መልሳ ልታገኝ ትችላለች።

ከዛሬ ማታ ጀምረሽ ደብተር ያዢ፤ የጮኸችበትን ሰዓት፣ የሸናችበትን ቀን፣ ትምህርት ቤት የዋለችበትንና ያልዋለችበትን። የሐኪሙን መልስና ያንን መጸዳጃ ማን እንደሚከፍት ስታውቂ ጻፊልኝ፤ ወረፋ ሳትጠብቂ እመልስልሻለሁ።