«ተገኘ» ሲባል ምን ተገኘ? የሳይንስ ዜና በአማርኛ ስለመጻፍ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ከረሙ። ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ልጆቼ ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ የሳይንስ ዜና ያነባሉ፣ ከኢንተርኔት ያገኙትን ራሳቸው ወደ አማርኛ እየመለሱ ማለት ነው። የአማርኛ መምህሩ «አረጋገጠ» ብለው በጻፉ ቁጥር «ጠቆመ» በሉ እያለ ያርማቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ያው አይደለም ወይ እያሉ ይከራከሩታል። እውነት ልዩነት አለው? ሰሞኑን ካነበቧቸው አምስቱን ልኬልዎታለሁ፦ «በክፍል ሙቀት የሚሰራ ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ»፣ «ባክቴሪያ የማይላመደው መድኃኒት ከአፈር ተገኘ»፣ «የኤች አይ ቪ ክትባት ተገኘ»፣ «የመሬት ትሎች 6.5 በመቶ የዓለምን እህል እንደሚያመርቱ ተረጋገጠ»፣ «የወባ ክትባት 36 በመቶ ይከላከላል፣ በ2021 ጸድቋል»። ደግሞ ሱፐርኮንዳክተርን በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ ደህና ነኝ አልሀምዱሊላህ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ እህቴ። ልዩነትማ አለው፣ በደንብ አለው። መምህሩ ልክ ነው ግን ሁሉንም በ«ጠቆመ» ማረሙ አልተመቸኝም፣ አንዳንዱ ዜና እኮ በትክክል የተረጋገጠ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ጠቆመም ይበዛበታል።

እስቲ ሰኞ ገበያ ደሴ እንውረድ። ገበያ ውላ የተመለሰች ሴት «ጤፍ ረከሰ» ካለች ዋጋውን ራሷ ጠይቃ ነው። ጎረቤቷ ከሷ ሰምታ ለሌላ ስታወራ «ጤፍ ረከሰ አሉ» ትላለች፣ «አሉ» የምትለዋን ጣል አደረገች ማለት እኔ አላየሁም ተጠያቂም አይደለሁም ማለት ነው። ሶስተኛዋ ማንንም ሳትጠይቅ በሯ ላይ ቆማ ሰዉ ሁሉ ጤፍ እያሸከመ ሲያልፍ ታይና «ዛሬስ ጤፍ ሳይረክስ አልቀረም» ትላለች። ጤፉ አንድ ነው፣ ያወቁበት መንገድ ግን ለየቅል ነው፣ አንዷ አይታ አንዷ ሰምታ አንዷ ከምልክት ተነስታ፣ እና ሶስቱም ፊደል ሳይቆጥሩ አይሳሳቱትም። ልጆችሽም ቤታቸው ቡና ላይ ሲያወሩ አይሳሳቱትም፣ ማይክ ሲጨብጡ ነው የሚጠፋባቸው፣ ምክንያቱም ዜና ማለት «ተረጋገጠ»፣ «ይፋ ሆነ»፣ «ተበሰረ» ማለት ይመስላቸዋል (ከማን እንደተማሩት እኔም አንቺም እናውቃለን)።

በሱፐርኮንዳክተሩ እንጀምር፣ ምክንያቱም ከአምስቱ የከፋው እሱ ነው። ሐምሌ 2015 ላይ፣ በፈረንጅ ጁላይ 2023 መሆኑ ነው፣ ደቡብ ኮሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ከእርሳስ፣ ከመዳብ፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን የሰሩትን ኤልኬ-99 የተባለ ነገር ይዘው ብቅ አሉና በክፍል ሙቀት ምንም ሳያባክን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ሱፐርኮንዳክተር ማለት ይሄ ነው፣ አሉ። ጽሑፉ ገና በሌሎች ባለሙያዎች አልተገመገመም ነበር፣ ግን ማግኔት ላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ቁራጭ የሚያሳይ ቪዲዮ ነበረውና ዓለምን አዳረሰ። ከዛ በየአገሩ ያሉ ላብራቶሪዎች ራሳቸው ሰርተው ሞከሩት፣ በሳምንታት ውስጥ ነገሩ ፈረሰ። ለማስረጃነት ያቀረቡት፣ ኤሌክትሪክ የመከልከል አቅሙ ድንገት ዝቅ ማለቱ፣ የመጣው ውስጡ ከተቀላቀለው ኮፐር ሰልፋይድ (የመዳብና የድኝ ውህድ) መሆኑ ታወቀ፣ ጀርመን ሽቱትጋርት ያለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ደግሞ ንጹህ አድርጎ ሲሰራው ጭራሽ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሆኖ አረፈው። እና ልጆችሽ ዛሬም «ተገኘ» እያሉ እያነበቡ ነው! በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን ትክክለኛው አማርኛ «አገኘን አሉ» ነበር፣ ለጽሑፍ ከበደኝ ካልሽ «አገኘን ብለዋል»። እንደዛ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ግኝቱ ቢፈርስም ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም ነበር፣ ምክንያቱም ማለቱንማ ብለዋል። «አሉ» የሀሜት ነው፣ ለጽሑፍ አይሆንም የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ እኔ አልስማማም።

«ተገኘ» ላይ ሌላም ችግር አለ። በኛ አነጋገር «ስኳር ተገኘ» ስትይ ማን ነው ስኳርን የፈጠረው ብሎ የሚያስብ የለም፣ ሱቅ ገብቷል ማለት ነው፣ ሰው ፌስታሉን ይዞ ይሮጣል። ስለዚህ «መድኃኒት ተገኘ» ያለ ተማሪ ለእናቱ የነገራት ፋርማሲ ሄደሽ ጠይቂ ነው። አሁን ይሄ የአፈሩ መድኃኒት ያሉት፣ ቴይክሶባክቲን መሆን አለበት፣ በፈረንጅ 2015 መጀመሪያ ላይ ቦስተን ባለው የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ነው። አሜሪካ ሜይን ግዛት ከአንድ ሳር ሜዳ ከተወሰደ አፈር ነው ባክቴሪያው የተገኘው። የሚገርመው ብልሃቱ ነው፣ አፈር ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ላብራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅሉም፣ እነሱ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው አይቺፕ የሚባል ነገር ሰርተው ባክቴሪያዎቹን እዛው የተወለዱበት አፈር ውስጥ መልሰው ቀብረው አሳደጓቸው። ከዛ አንደኛው የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ስታፍ የሚባለውንና የቲቢውን ባክቴሪያ ሲገድል ታየ፣ አይጥ ላይም ሰራ። ግን ከአይጥ እስከ ፋርማሲ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ ይኸው ይህን ያህል ዓመት አልፎ ዛሬም በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆነም። ታዲያ ምን ይባል? «ባክቴሪያ የሚገድል ንጥረ ነገር ከአፈር ተለየ» በሉት፣ ወይ «ለመድኃኒትነት ተስፋ የተጣለበት» ጨምሩበት፣ «በአይጥ ላይ» የምትለዋን ግን እንዳትዘሉ፣ እሷ ከተዘለለች ሰሚው በሰው ላይ ነው የሚመስለው።

«ባክቴሪያ የማይላመደው» የሚለውም አላስደሰተኝም፣ እና የጥያቄሽ ዋናው ነገር ያለው እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ጋ ነው፣ ከአረጋገጠና ከጠቆመ ይልቅ ጊዜው ላይ። አማርኛ «አይላመድም»፣ «ያድናል»፣ «ይከላከላል» ሲል የዛሬውንም የሁልጊዜውንም የነገውንም በአንድ ቅርጽ ነው የሚይዘው። «ጸሐይ በምስራቅ ትወጣለች» እና «ነገ ትመጣለች» ግሱ ያው ነው። ስለዚህ ተማሪው «ያድናል» ባለ ጊዜ ሰሚው ሁልጊዜ፣ ሁሉንም፣ ወደፊትም ብሎ ነው የሚወስደው። ጥናት ደግሞ የሚያውቀው ያየውን ነው። ያዩትን በኃላፊ ጊዜ ብትጽፉት ግማሹ ችግር ይቀላል፦ «በሙከራው ወቅት የተላመደ ባክቴሪያ አልታየም»። አልታየም ማለት አይታይም ማለት አይደለም፣ ይሄንን ልዩነት የአራተኛ ክፍል ልጅም ይለየዋል።

የኤች አይ ቪው ዜና ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። በ2024 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ይፋ የሆነ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ የተሰራ ጥናት ነው፣ ሌናካፓቪር የሚባለውን መርፌ በየ6 ወሩ ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች መሀል አንዲትም በቫይረሱ አልተያዘችም፣ በዚያው ጥናት በየቀኑ እንክብል እንዲወስዱ ከተደረጉት ግን የተያዙ ነበሩ። ይሄን ዜና «ጠቆመ» በሉ ብሎ ማለሳለስ ለኔ ልክ አይደለም። «አንዲትም አልተያዘችም» ብላችሁ ደረታችሁን ነፍታችሁ አንብቡት፣ የታየ ነገር ነው፣ በቁጥር። «መርፌው ከኤች አይ ቪ ሙሉ በሙሉ ይከላከላል» ስትሉ ግን ካዩት ወደ ሁልጊዜው ተሻገራችሁ፣ እዛ ላይ ነው «ሊከላከል እንደሚችል አመለከተ» የሚመጣው። ደግሞ ክትባት አይደለም እኮ! ልጆቹ መርፌ ስለሆነ ክትባት መስሏቸው ነው፣ አይፈረድባቸውም፣ እኛ ጋ መርፌ ሁሉ መርፌ ነው። ክትባት የገዛ ሰውነታችን በሽታውን አውቆ እንዲዋጋ ያስተምራል፣ ይሄ ግን ራሱ መድኃኒቱ ነው ሰውነት ውስጥ ቆይቶ ቫይረሱን የሚያግደው፣ ስድስት ወሩ ሲያልቅ መደገም አለበት። «አስቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ መርፌ» ቢባል ይበቃል። ክትባት ነው ብላ የሰማች ልጅ አንዴ ተወግቼ ጨርሻለሁ ብላ ብትቀርስ?

አረጋገጠ ራሱ እርግጥ፣ እርግጠኛ ከሚሉት ጋር አንድ ቤት ነው፣ ከዛ በኋላ ጥርጣሬ የለም የሚል ክብደት አለው። ሌሎች ሰዎች ደጋግመው ሞክረው ያው ውጤት ሲመጣ ነው የሚያምርበት፣ ለምሳሌ ኤልኬ-99 ሱፐርኮንዳክተር አለመሆኑ ተረጋግጧል ብትሉ እኔ ግርም አይለኝም። አንድ ጥናት ብቻውን ሲሆን «አሳየ» ይበቃዋል፣ ከውጤቱ አልፎ ወደ ሌላ ሲመራ «አመለከተ»፣ ገና ፍንጭ ሲሆን «ጠቆመ»። ሳይንስ አለ፣ ሳይንስ ነገረን የሚለውን ብትተዉት ደስ ይለኛል፣ ሳይንስ አፍ የለውም፣ ማን አለ?

ትሎቹ ጋ ስንመጣ «ተረጋገጠ»ም «ያመርታሉ»ም አይሆንም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው፣ ተመራማሪዎቹ የትል ስርጭትን፣ የአፈርን ዓይነትና የምርት መጠንን የሚያሳዩ ካርታዎችን ደራርበው አስልተው ትሎች ለዓለም የእህል ምርት ያላቸው ድርሻ 6.5 በመቶ ገደማ ነው ብለው ገመቱ። ገመቱ! ሰዉ ግምት ሲባል ዝም ብሎ ከአፍ የወጣ ይመስለዋል፣ ግን ክምር አይቶ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው የሚናገር ገበሬ ይገምታል እንጂ ይዋሻል አይባልም። በዚያው ዓመት የምድር ዝርያዎች 59 በመቶ ያህሉ አፈር ውስጥ ይኖራሉ የተባለውም ግምት ነው፣ ከዛ በፊት ሲጠቀስ የነበረው ወደ ሩብ ገደማ ነበር። የማረሻ ስራ የበሬ የሆነውን ያህል አየርና ውሃ ማስገባት፣ ቅጠል ማበስበስ የትል ስራ ነው፣ ግን የሚያመርተው ያው ገበሬው ነው፣ «አስተዋጽኦ ያደርጋሉ» በሉ።

ወባው። ሐርቡና ባቲ ዘመድ ያለው ሰው ይሄን ዜና ጆሮውን ቀስሮ ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ ተጠንቀቁበት። «36 በመቶ ይከላከላል» ሲባል አንዱ ሰሚ ከመቶ ልጅ 36ቱ ይድናል ይላል፣ ሌላው ከንቱ ክትባት ነው ይላል። ጥናቱ በ7 የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ነው፣ የተባለውም አራቱንም ዙር ክትባት የወሰዱ ሕጻናት ላይ በ4 ዓመት ገደማ ክትትል የወባ ሕመም ካልተከተቡት ሲነጻጸር በ36 በመቶ ቀነሰ ነው። የተቆጠረው ታመመ የተባለበት ጊዜ ነው እንጂ የልጅ ቁጥር አይደለም፣ አንድ ልጅ በዓመት ሶስቴም በወባ ሊታመም ይችላል። ደግሞ «በ»ን ጠብቋት፣ «በ36 በመቶ ቀነሰ» እና «ወደ 36 በመቶ ቀነሰ» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፣ ሁለተኛው ከመቶ 64ቱ ጠፋ ማለት ነው፣ አንዲት ፊደል ነች ይሄን ሁሉ የምታመጣው።

«በ2021 ጸድቋል»ስ? በኛ አቆጣጠር 2021 ገና አልደረሰም እኮ፣ ልጆቹ ከወደፊት ነው ዜና የሚያነቡት! ወይ እ.ኤ.አ. በሉ ወይ ቀይሩት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱ ለሕጻናት እንዲሰጥ የመከረው መስከረም 26 ቀን 2014 ነው። መከረ ነው ያልኩት፣ አጸደቀ አላልኩም፣ ማጽደቅ የየአገሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ሁሉ ሰምተው ልጆቹ ደግሞ «ሊሆን ይችላል ተብሎ እንደሚገመት ተጠቁሟል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዘውልሽ እንዳይመጡ። አይተሻል አይደል እንደዚህ የሚጻፍ፣ ሶስት ጥርጣሬ በአንድ አፍ። አንዱ ይበቃል። «ይችላል» ካልሽ «ይገመታል» ምን ያደርጋል፣ «ተጠቁሟል»ስ ማን ጠቆመ።

ሱፐርኮንዳክተርን ሱፐርኮንዳክተር በሉት። ልዕለ ምናምን የሚል ቃል የሚያመጡ ይኖራሉ፣ ሰልፍ ላይ ለቆመ ልጅ ግን ሁለቱም እኩል ባዕድ ነው፣ ሱፐርኮንዳክተር ቢያንስ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልገው ያገኘዋል። መጀመሪያ ላይ አንዴ «ኤሌክትሪክን ምንም ሳያባክን የሚያሳልፍ ቁስ» ብለው ያብራሩት፣ ከዛ በኋላ እንደፈለጉ ይጥሩት። ቁስ ራሱ ጥሩ ቃል ነው፣ «የቁስ ሳይንስ» እያሉ የሚጽፉም አሉ፣ እኔ ወድጄዋለሁ፣ ተማሪዎችሽ ግን «ማቴሪያል» ቢሉም አልጣላቸውም።