ክረምት የሚገኘው ግንቦት ላይ ነው

ባለፈው ክረምት ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ የቢሯችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ እርስ በርስ ለመሰማማት መጮህ ነበረብን። ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው፣ ከተቀጠረች ስድስት ወር እንኳ ያልሞላት ልጅ ከሞዴል 19 እና ከሞዴል 22 (የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞች) ክምር መሀል ቀና አለችና «ጋሼ፣ እኛ ከእንግዲህ ክረምት የለንም ማለት ነው?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ልጅቷ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ 16 ዓመት ተምራለች። በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ደብተር ይከደናል፤ እስከ መስከረም የት ገባሽ የሚላት የለም። ያ ሁሉ በአንዲት የቅጥር ደብዳቤ አበቃ። እንዲህ ይሆናል ብሎ ያስጠነቀቃትም አልነበረም። እኔንም ከ34 ዓመት በፊት ጎንደር ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ያስጠነቀቀኝ የለም። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውኛልና ለእሷና ለእኩዮቿ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። የማውቀውም አብዛኛው ከስሕተቴ የተገኘ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰዓት ላውራ። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ «ሰመር» ሲል ፀሐይና እስከ ማታ የማይጨልም ቀን ማለቱ ነው። ከሥራ ወጥቶ ኳስ ይጫወታል፤ ገና ብርሃን ነው። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። ጎንደር ሐምሌ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በሐምሌና በታኅሣሥ መካከል ያለው የቀን ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። 11:30 ላይ ከቢሮ ስትወጡ ወይ እየዘነበ ነው፣ ወይ ሊዘንብ ደመናው ጠቁሯል፣ ወይ አሁን አባርቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል። «ከሥራ በኋላ እንገናኝ» ብላችሁ ከጓደኛ ጋር የተቀጣጠራችሁት ቀጠሮ ግማሹ በዚህ ይፈርሳል።

የእኛ ክረምት ያለው ጠዋት ላይ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣው፤ ንጋት ላይ ሰማዩ ታጥቦ ያድራል። ከ12 ሰዓት እስከ 2:30 ሁለት ሰዓት ተኩል አለ፤ ማንም አለቃ አይጠይቅበትም። ይህን ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ በፊት ያን ሰዓት የማሳልፈው ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እወጣለሁ። የግቢው ግንብ ሌሊቱን ውኃ ጠጥቶ ጠቁሮ ይቆያል፤ ከድንጋዮቹ መጋጠሚያ ሣር ይወጣል፤ ዛፎቹ ሥር ስትቆሙ ዝናቡ ካቆመ ከስንት ሰዓት በኋላ ከቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ይልባችኋል። ውስጥ ገብቼ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ሁሉ ወደ እኔ ነው። ከዚያ ወደ ፒያሳ እወርዳለሁ፣ ሊስትሮው ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ እስኪጠርግልኝ ሻይ እጠጣለሁ፣ 2:30 ላይ ፈርሜ እገባለሁ። ባልደረቦቼ ከእንቅልፋቸው ገና አልወጡም፤ እኔ ግን አንድ ቀን ኖሬ መጥቻለሁ።

ጉልበቱ ያላችሁ ደግሞ የቁስቋምን ዳገት ሞክሩት። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግቢ ፍርስራሽ በሐምሌ እንደሚያምር በጥር አያምርም። የፋሲል መዋኛም እንዲሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በጥምቀት ውኃ ሲሞላና ሲጨናነቅ ነው። የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንዴት እንደጨበጠው በደንብ የሚታየው ግን ማንም በሌለበት የክረምት ጠዋት ነው። እዚህ ተወልዳችሁ አድጋችሁ አንዱንም በእርጋታ ሳታዩ የኖራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አሁን ስለ ዓመት ፈቃድ። በግል ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ አያስፈራም። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይገባችኋል፤ ከዚያ ወዲያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል። ማዛወርም ይቻላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ግን አይሆንም። በሥራ ላይ እያላችሁ «ፈቃዴን በብር ቀይሩልኝ» ማለትም አያስኬድም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የራሱ ሕግ አለው፤ መንፈሱ ግን ያው ነው።

ችግሩ አብዛኞቻችን ፈቃዳችንን ለክፉ ቀን እናጠራቅመዋለን። «ለቅሶ ቢመጣስ? ሠርግ ቢኖርብኝስ?» እንላለን። ይኸው አዋጅ እኮ ለራሳችሁ ሠርግም ሆነ ለቅርብ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ለብቻው ይሰጣል። ለሩቅ ዘመድ ልቅሶ ጥቂት ቀን ማስቀመጥ ደግ ነው፤ አገራችን ነው፣ መድረስ አለብን። ዓመቱን በሙሉ ሊሞት የሚችል ሰው ስንጠብቅ ግን በሕይወት ያለውን ሳናየው እንቀራለን።

የራሴን ልንገራችሁ። የበኩር ልጄ ሰባት ዓመቱ ነበር። ለቡሄ ጅራፍ እንድሠራለት፣ ማጮህም እንዳስተምረው ቃል ገባሁለት። ቃጫ ገዝቼ ቤት አስቀመጥኩ። ነሐሴ ሲገባ ልጁ በየማታው ቃጫውን አምጥቶ ጭኔ ላይ ያደርገዋል፤ እኔ በየማታው «ነገ» እለዋለሁ።

በዚያ ጊዜ ቢሮ ውስጥ የዓመቱን ሒሳብ እየዘጋን ነበር። እንደምታውቁት የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ የመዝጊያ ሥራ ነው። የእኔ ድርሻ የባንክ ማስታረቂያው፣ ማለትም የእኛን መዝገብ ከባንኩ ሒሳብ ጋር ማመሳከሩ ነበር፤ አልታረቅም አለ። ልዩነቱ 270 ብር። ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሲገኝ ቁጥር ተገላብጦ ተጽፎ ይሆናል ብሎ መጠርጠር የሙያችን ሀሁ ነው፤ ግን የስንት ወር መዝገብ ውስጥ ነው የሚፈለገው? ማስታረቂያውን ከጥቅምት ጀምሮ አልሠራሁትም ነበር። በየወሩ «በኋላ አንድ ላይ እሠራዋለሁ» እያልኩ አሳድሬዋለሁ። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት፦ 4,740 መሆን የነበረበት 4,470 ተብሎ ተመዝግቧል። የተመዘገበው ኅዳር ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ኅዳር ላይ ብፈልገው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን በላ፤ ከሦስቱ ቀን አንዱ ነሐሴ 12 ነበር።

በዚያ ማታ ስገባ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው ጨርሰው ሙልሙላቸውን ተካፍለዋል። ልጄ ጅራፍ ይዟል። የሰፈራችን ዘበኛ ገምዶለት፣ ማጮህም አስተምሮት ነበር። «አባዬ፣ ስማ!» ብሎ በጭለማው ውስጥ አንድ ጊዜ አጮኸው። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጁ ተቀይሞኝ አልነበረም፤ እሱ ነው የከፋኝ። አባቱ ባይኖርም ቡሄው አልጎደለበትም።

ለዓመታት ይህን ታሪክ ሳወራ አለቃዬን እወቅስ ነበር። ፈቃድ አይሰጥም፣ ሰው አይደለም፣ ምናምን። እውነቱ አለቃዬ የከለከለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ አልጠየቅሁም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይሉ የለ!

ስለዚህ ለዚያች ልጅ የነገርኳት ይኼን ነው፦ ክረምትን ክረምት ላይ አትፈልጊው፤ ግንቦት ላይ ነው የሚገኘው። ማስታረቂያሽን በየወሩ ሥሪ። ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ ያለበትን ሰው ሚያዝያ ላይ ያዢው፤ ሰኔ ላይ ሁሉም ስልኩን ያጠፋል። የንብረት ቆጠራውን ዝግጅት ግንቦት ላይ ጀምሪ። የፈቃድ ፕሮግራም ሲወጣ ስምሽን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አስገቢ፤ ቀኑን ከነምክንያቱ ጽፈሽ ስጪ። አለቃ ነሐሴ ላይ በድንገት ሲጠየቅ እምቢ ይላል፤ እኔም አለቃ ሆኜ እምቢ ብያለሁ። ግንቦት ላይ የተጠየቀውን ግን እምቢ ለማለት ምክንያት ያጣል። ሌላ ሙያ ያላችሁም የየራሳችሁ 270 ብር አለላችሁ፤ የት እንደተደበቀ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ፈቃዱን ምን ላይ ልታውሉት እንደሚገባ መንገር የእኔ ፋንታ አይደለም። አንዳንድ ነገር ግን ልበል። የሰሜን ተራሮችን ለማየት የምትመኙ፣ ፈቃዳችሁን ሐምሌ ላይ አታባክኑት፤ ጉምና ዝናብ ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያለውን ጊዜ ያዙ፤ አየሩ ይጠራል፣ ተራራው አበባ ይለብሳል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ስለዚህ መስከረም ላይ የወጣ ሰው ክረምት አመለጠኝ ማለት አይችልም። ከከተማ መውጣት እንደ ልብ ባልሆነበት ጊዜ ደግሞ ከተማው ራሱ አለ።

ብዙዎቻችሁ ነሐሴ ላይ ፈቃድ የምትጠይቁት ለፍልሰታ ነው። ደስ ይለኛል። የጾሙን ቀን በሙሉ ፈቃድ ማግኘት የማይችል ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን ከፋፍሎ ቅዳሴ የሚደርስበት መላ አለ። እኛ ቢሮ እኛ ስንወጣ ሙስሊም ባልደረቦቻችን ሥራችንን ይሸፍኑልናል፤ በረመዳን ደግሞ እኛ እነሱን ቀደም ብለው እንዲወጡ እንሸፍናለን። የትም አልተጻፈም፤ ግን ከማንኛውም መመሪያ በተሻለ ሲሠራ አይቻለሁ።

ኮርስ የምታበዙትን ግን አልወድላችሁም። እንግሊዝኛ ጠዋት፣ ኮምፒዩተር ማታ፣ ቅዳሜ ደግሞ የመንጃ ፈቃድ። መስከረም ላይ ስትጠየቁ ሦስቱም ተጀምረው ቀርተዋል። አንድ ብቻ ያዙ። ያውም የግድ ከሆነ። በክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩትን መምህራን እዩ፤ ሰው ሁሉ «ክረምት ያርፋሉ» ብሎ ይቀናባቸዋል፤ እነሱ ግን ስንቱን ክረምት በክፍል ውስጥ ጨርሰዋል።

ሆቴል አስተናጋጅ፣ ጥበቃ፣ የሆስፒታል ተረኛ የሆናችሁ «ይህ ሁሉ ለቢሮ ሰው ነው» እንደምትሉ ይገባኛል። ልክ ናችሁ። የእናንተ ሀብት ፈረቃው ነው፤ ከባልደረባ ጋር መቀያየርን የመሰለ ነገር የለም፤ ግን መጀመሪያ እናንተ ለሰው ሸፍኑ፣ ከዚያ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መሥሪያ ቤቱ በሐምሌ ችግኝ ተከላ ይዞን ይወጣል፤ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። እኔ ከተከልኳቸው መካከል ሦስቱን በየክረምቱ ሄጄ አያቸው ነበር። ሁለቱ የሉም። አንደኛው ግን አሁን ከእኔ ይረዝማል። የሄድኩበት ጊዜ ተደምሮ ግማሽ ቀን አይሞላም።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ጅራፍ ሥራልኝ አለኝ። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት ይባላል፤ ስለዚህ ነሐሴ 11 ቀን ጠዋት የግማሽ ቀን ፈቃድ ቅጽ ሞላሁ። ቅጹን ተቀብላ የመዘገበችው ያቺው ልጅ ናት። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ «ጅራፍ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አየችው፣ ምንም አላለችም፣ ማኅተሙን መታች።

ቃጫዬን ይዤ ወደ ሰፈራችን ዘበኛ ሄድኩ። አርጅቷል፤ እጁ ግን አልረሳም። ሰገነት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሱ አንዱን፣ እኔ ሌላውን እንገምድ ጀመር። የእኔን አንሥቶ ዳሰሰው፤ ጫፉን ፈታው፤ «ይሄ ከብት መጠበቂያ ነው። እስቲ ጫፉን አቅጥነው፣ እሱ ነው የሚጮኸው» አለኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።