በመካኒካል ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ትምህርት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በኮርስ ብቻ የሚያልቀውን ልማር ወይስ የመመረቂያ ጥናት ያለውን?

መልስ፦ ሦስተኛ ዲግሪ የምታስቢ ከሆነ ጥናት ያለውን ያዢ። እውቀትሽን አድሰሽ ወደ ሥራሽ ለመመለስ ከሆነ ግን በኮርስ የሚያልቀው ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከተመረቅሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሒሳቡን ረስቼዋለሁ። ይሳካልኝ ይሆን?

መልስ፦ ይሳካልዎታል፤ ነገር ግን ትምህርቱ ሳይጀመር ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ማትሪክስ ይከልሱ። የሙቀት ዝውውርም ሆነ የፈሳሽ ፍሰት መምህር እነዚህን እንደሚያውቁ ቆጥሮ ነው የሚያስተምረው።

ጥያቄ፦ አንሲስ በሚባለው የምህንድስና ማስያ ሶፍትዌር በሚገባ እሠራለሁ። ለጥናቱ አይበቃኝም?

መልስ፦ አይበቃህም። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ ዲያሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ አለህ እንበል፤ ውኃው በሰከንድ 1 ሜትር ይፈስሳል። የሬይኖልድስ ቁጥሩ፣ ማለትም ፍሰቱ የረጋ ወይም የተናወጠ መሆኑን የሚጠቁመው ቁጥር፣ 20,000 ገደማ ይመጣል። በቧንቧ ውስጥ ፍሰት ይህ ቁጥር 2,300 ገደማ ሲደርስ ጀምሮ እርጋታውን ያጣል። አንተ ግን ሳታስተውል «ላሚናር» (የረጋ ፍሰት) የሚለውን መርጠህ አሰላህ። የምታገኘው የግፊት መቀነስ ከእውነተኛው አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ፓምፕ የምትመርጥበት ቁጥር ቢሆን ጉድ ፈላ። ሶፍትዌሩ ያማረ ባለቀለም ሥዕል ሰጥቶህ ዝም ይላል። ስለዚህ አስቀድመህ በወረቀት ገምት። ከዚያ ሜሹን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ለስሌት ቦታውን የሚከፋፍልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች፣ እያደቀቅህ ደጋግመህ አስላ፤ ውጤቱ መለዋወጡን እስኪያቆም ድረስ አትመነው። ፈታኝ ብሆን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ አሁን የምመርጠው ርዕስ ዕድሜ ልኬን ያስረኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ አያስርሽም። በፈሳሽ ፍሰት ጥናት ስሙ የገነነው ቴዎዶር ፎን ካርማን በ1908 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው በአምዶች መጉበጥ ላይ ነው። አማካሪው ደግሞ ራሱ የፈሳሽ ፍሰት ሊቅ የሆነው ሉድቪግ ፕራንትል ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ የዩኒቨርሲቲው ስም ይቅደም ወይስ አማካሪው?

መልስ፦ ለጥናት ከሆነ ያለማወላወል አማካሪው። በቅርብ ያሳተማቸውን ሁለት ሦስት ጽሑፎች አንብብ፤ ስትጽፍለትም ከመካከላቸው ስለ አንዱ ጠይቀው፤ ለሁሉም የሚላክ ደብዳቤ ወዲያው ያስታውቃል። የእርሱን ተማሪዎችም አነጋግር፦ ረቂቅ ሲሰጡት በሳምንት ይመልሳል ወይስ ወራት ያስቆጥራል? የላቦራቶሪው መሣሪያ ይሠራል ወይስ መለዋወጫ እየጠበቀ ነው?

ጥያቄ፦ ወጪውን ማን ይሸፍናል?

መልስ፦ ለረዳት ተመራማሪ የሚከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከአማካሪው ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ትምህርትህን ሳትጨርስ የሚያልቅ እንደሆነ ሳታፍር ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ።