የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአካባቢ ሊግ ከዕጣው እስከ መጨረሻው ሳምንት

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ዙሪያ የመጡ ናቸው። የላኩልን ከአንደኛ ሊግ በታች ባሉ የከተማና የወረዳ ውድድሮች የሚደክሙ አሰልጣኞች፣ የቡድን መሪዎችና አዘጋጆች ናቸው። ይህ እርከን ሊናቅ አይገባውም። ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 የውድድር ዘመን ፕሪምየር ሊግ ተጫውቷል፤ ከእሱ በፊት ሰበታ ከተማም እዚያው ነበር። ከዳርቻ ተነሥቶ ላይ መድረስ የሚቻል ነገር ነው።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ዘጠኝ ቡድኖችን በአንድ ሜዳ፣ በደርሶ መልስ ልናወዳድር ነው። አምና መርሐ ግብሩ ተዘበራርቆ አንዱ ቡድን ሦስት ሳምንት ሳይጫወት ቆየ። ሌላው ደግሞ መሀል ላይ አቋርጦ ወጣና የነጥቡ ጉዳይ አጣላን። ዘንድሮ እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ ቡድኖቹ ዘጠኝ ሲሆኑ በየሳምንቱ አንዱ ማረፉ አይቀርም፤ ዋናው ነገር ዕረፍቱ በተራ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ለዚህ «ዐራፊ» የሚል አሥረኛ ስም ጨምሩ። በዕጣ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ከሰጣችሁ በኋላ በግራ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብላችሁ ጻፉ። በቀኝ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ዐራፊ፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6 ይሁን። ፊት ለፊት የቆሙት ይጋጠማሉ፦ 2 ከ9፣ 3 ከ8፣ 4 ከ7፣ 5 ከ6፤ 1 ያርፋል። ለቀጣዩ ሳምንት «ዐራፊ» ከቦታው ሳይነቃነቅ ሌሎቹ አንድ አንድ እርምጃ ይዙሩ፦ የግራዎቹ ወደ ታች፣ የቀኞቹ ወደ ላይ። 5 ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ 9 ደግሞ ወደ ግራው ራስ ይመጣል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት 9 ያርፋል፣ 1 ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5 ይጫወታሉ። እንዲህ እያላችሁ ዘጠኝ ሳምንት ስትዞሩ ሁሉም ሁሉንም አንድ ጊዜ ያገኛል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የባለሜዳነት ተራን ነው። ሁልጊዜ የግራው ባለሜዳ ከሆነ አንዱ ቡድን በተከታታይ አራት ጨዋታ በሜዳው፣ አራት ከሜዳው ውጭ ይገጥመዋል። በ2ኛውና በ4ኛው ረድፍ የግራው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ረድፍ የቀኙ ባለሜዳ ይሁን፤ ያኔ ሁሉም አንዴ በሜዳው፣ አንዴ ከሜዳው ውጭ እየተፈራረቀ አራት አራት ይደርሰዋል። ሜዳው የጋራ ቢሆንም ይህ ከንቱ ድካም አይደለም፤ ማሊያ ሲመሳሰል ማን እንደሚቀይርና ኳስ ማን እንደሚያቀርብ የሚታወቀው በዚሁ ነው። በሁለተኛው ዙር ባለሜዳውን ገልብጡ።

ጠቅላላው 72 ጨዋታ በ18 ሳምንት ነው። በሳምንት አራት ስለሆነ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ ሁለት ይያዛል። መብራት በሌለው ሜዳ የመጀመሪያውን ከቀኑ 7፡00፣ ሁለተኛውን 9፡15 ጀምሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ 10፡00 ላይ የተጀመረ ጨዋታ ትንሽ ከተጓተተ ማለቂያው በድንግዝግዝ ይሆናል፤ በዚያ ብርሃን ደግሞ ረዳት ዳኛው ከጨዋታ ውጭን በትክክል ማየት አይችልም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ብትነሡ፣ ለገናና ለጥምቀት ሁለት ሳምንት፣ በበልግ ዝናብ ለሚሰረዙ ጨዋታዎች ሦስት ሳምንት ብትተዉ ሚያዝያ ውስጥ ትጨርሳላችሁ። ከዚያ በላይ አትግፉት። ጥቁር አፈር ያለበት ሜዳ ክረምት ከገባ በኋላ ታኬታም ቁርጭምጭሚትም ይይዛል።

ስለሚያቋርጠው ቡድን፦ ደንቡ ከዕጣው በፊት ተጽፎ ሁሉም ቡድኖች ይፈርሙበት። የምንመክረው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ዙር ሳይጨርስ የወጣ ቡድን ያደረጋቸው ጨዋታዎች በሙሉ ይሰረዙ፤ ምክንያቱም ገሚሱ ቡድን በሜዳ ላቡን አፍስሶ፣ ገሚሱ በፎርፌ ነጥብ ማግኘቱ ፍትሕ አይደለም። አንደኛውን ዙር ጨርሶ ከወጣ ግን ሁሉም አንዴ ገጥሞታልና ያ ውጤት ይጽና፣ የቀሩት 3 ለ 0 ይመዝገቡ። ቡድኖች በአብዛኛው የሚያቋርጡት በሁለተኛው ዙር የትራንስፖርትና የዳኞች ውሎ አበል ሲያልቅባቸው ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ዙር የዳኞች ክፍያ ከዕጣው በፊት በውድድሩ የባንክ ሒሳብ አስገቡ፤ ውድድሩን ለጨረሰ የሚመለስ ማስያዣም ጨምሩበት። ገንዘቡ ቀድሞ ካልገባ የጻፋችሁት ደንብ ማንንም አያቆምም።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ሜዳችንን በኖራ አስምረን ሁለት ተጫዋቾች ቆዳቸው ተቃጠለ። በምን እናስምር? ልኬቱንም ብትነግሩን።

መልስ፦ ኖራን ተዉት። ያልበረደው ኖራ ውሃ ሲነካው ይግላል። የበረደውም ቢሆን ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ይበላል፣ ዓይንን ደግሞ ሊያጠፋ ይችላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ ቢያንስ 20 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ወዲያው ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። በአፈር ላይ የጄሶ ዱቄት፣ ሣር ባለበት በውሃ የቀጠነ የግድግዳ ቀለም ይሻላል።

ልኬቱን በ100 በ64 ሜትር ሜዳ እናሳያችሁ። ማዕዘኑን በዓይን አትገምቱ። ከአንዱ ካስማ በአንዱ መስመር 6 ሜትር፣ በሌላው 8 ሜትር ለክታችሁ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው 10 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ከዚያ ሲባጎውን ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ዘርጉት፤ ሁለቱም ሰያፎች 118 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ ከረዘመ ሜዳው ተንጋዷል ማለት ነው።

በየሜዳው የሚታየው ስሕተት የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ላይ ነው። 16.5 ሜትሩ የሚለካው ከግቡ መሀል ሳይሆን ከእያንዳንዱ ቋሚ ውስጠኛ ጠርዝ ነው። ግቡ 7.32 ሜትር ስለሆነ የክልሉ ስፋት 40.32 ይመጣል። የግብ ክልሉም እንዲሁ 5.5 ከየቋሚው፣ በድምሩ 18.32 ነው። የፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ 11 ሜትር፣ የመሀሉ ክብ ከነጥቡ 9.15 ሜትር። አግዳሚው ከመሬት 2.44 ሜትር ይሁን፤ ግብ ጠባቂዎች የሚቆሙበት አፈር እየተቦረቦረ ስለሚሄድ በየወሩ ሙሉትና ለኩት። የመስመር ስፋት ከ12 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በዚህ ልክ ሜዳ የሁሉም መስመሮች ርዝመት ተደምሮ ወደ 700 ሜትር ስለሆነ ጄሶውን ስትገዙ በዚህ አስሉ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ተጋጣሚያችን ቅጣት ያለበት ተጫዋች አሰልፎ አሸነፈን። ክስ እንዴት ይቀርባል? ነጥብ እኩል ሲሆንስ ማን ይቀድማል?

መልስ፦ ክሱ የሚጀምረው ሜዳ ላይ ነው። ከጨዋታው በፊት ቴሴራ (የተጫዋቾች መታወቂያ ካርድ) ሲታይ የቡድን መሪውና አምበሉ አብረው ይቁሙ። ጥርጣሬ ካለ ለጨዋታው ኮሚሽነር ነግረው በሪፖርቱ ላይ ያስመዝግቡ፣ ይፈርሙ። ከጨዋታው በኋላ ደንባችሁ በሚሰጠው ሰዓት ውስጥ የክስ ማስያዣውን ከፍላችሁ ደብዳቤ አስገቡ። በደብዳቤው የተጫዋቹን ስም፣ የማሊያ ቁጥሩን፣ ካርዱን ያየበትን ጨዋታና ቀን ጻፉ። «ዳኛው በደለን» የሚል ክስ ግን አይሠራም፤ ዳኛው በጨዋታው ሁነት ላይ የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። የየቡድኑን ቢጫና ቀይ በየሳምንቱ በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ፤ ሰነድ ይዞ የቀረበ ቡድን ነው የሚሰማው።

በእኩል ነጥብ ጊዜ የሚወስነው ደንባችሁ ነው። የግብ ልዩነት ወይም የእርስ በርስ ውጤት፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም በማያሻማ ቃል ይጻፍ። እኛ የእርስ በርስ ውጤትን እናስቀድማለን። በዚህ እርከን ሰባት ሰው ይዞ የሚመጣ ቡድን አለ፤ ሰባት ተጫዋች ካለው ደግሞ ጨዋታው ይጀመራል። እንዲህ ባለው ቀን የተገኘ 9 ለ 0 ዋንጫ መወሰን የለበትም።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ተጫዋች ራሱን ሲስት «ምላሱን ዋጠ» ብለው ጥርሱን በማንኪያ ይፈለቅቃሉ። ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እባካችሁ ይህ ይቁም። ምላስ አይዋጥም፤ ራሱን በሳተ ሰው ጉሮሮ ላይ ወደ ኋላ ይወድቃል እንጂ። ግንባሩን በቀስታ ወደ ኋላ ገፍታችሁ አገጩን ወደ ላይ ስታነሡ መንገዱ ይከፈታል። ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል፣ ጣትም ይነከሳል፣ ውድ ደቂቃም ይባክናል።

ከዚያ እስከ 10 ሰከንድ ድረስ ደረቱን እያያችሁ ትንፋሹን አዳምጡ። በደንብ የሚተነፍስ ከሆነ አንገቱን ሳታጣምሙ በጎኑ አስተኙት። ማንም ሳይነካው ድንገት ወድቆ የማይነቃ፣ የማይተነፍስ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያቃስት ከሆነ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ተነሡ። ሁለት እጃችሁን አደራርባችሁ በደረቱ መሀል፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጫኑ። ትንፋሽ መስጠት የሚችል ካለ በየ30 ጭነቱ ሁለት ይስጥ፤ ከሌለ መጫኑ ሳይቋረጥ ይቀጥል። የሚጫነው ሰው በየሁለት ደቂቃው ይቀየር፣ ድካም ጥልቀቱን ይቀንሳልና። ሌላ ሰው በዚያው ቅጽበት ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907 ይደውል።

ጭንቅላቱን ተመትቶ ለአፍታም ቢሆን ራሱን የሳተ ተጫዋች «ደኅና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን አይመለስም። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም እንቅልፍ ካበዛ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ከጨዋታው በፊት ደግሞ የሜዳው ትልቁ በር ቁልፍ ማን ኪስ እንዳለ እወቁ፤ አምቡላንስ የሚገባው በዚያ ነው።